ፖለሚክ፦ ከጦር ሜዳ ወደ ወረቀት የተሻገረ ቃል

«ይህ ትንታኔ አይደለም፤ ፖለሚክ ነው።» በመጻሕፍት ሒስ፣ በፖለቲካ ክርክርና በአስተያየት ዓምዶች ይህን የመሰለ አነጋገር ደጋግሞ ያጋጥማል። አንዱ ቃሉን ሲያነሣ «ስድብ የበዛበት» ማለቱ ነው፤ ሌላው «ወገንተኛ» ለማለት ይፈልጋል፤ ሦስተኛው «አወዛጋቢ» በሚለው ቃል ምትክ ያስገባዋል። በኩራት የሚያነሡትም አሉ፤ «የጻፍሁት ፖለሚክ ነው፤ ሰው ለማስደሰት አልተቀመጥሁም» ይላሉ። አንድ ቃል ስድብም ማዕረግም ሆኖ ሲያገለግል ከኋላው ታሪክ መኖሩ አይቀርም። የዚህኛው ታሪክ ረጅም ነው፤ ጠብም አያጣውም። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመቶች፣ ወራትና ቀናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአጭሩ ምን ማለት ነው?

ፖለሚክ አንድን አቋም፣ እምነት ወይም አስተሳሰብ በይፋ ለማፍረስ የሚቀርብ የሙግት ጽሑፍ ወይም ንግግር ነው። ጸሐፊው ፖለሚሲስት ይባላል። የሚሞገተው ወገን ማንነቱ የታወቀ ነው፤ ስሙ ባይጠራ እንኳ አንባቢው ማን እንደተነካ አይጠፋውም። ጸሐፊው ደግሞ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ወገኑን ለይቷል። ግራ ቀኙን ሲመረምር ቆይቶ በመጨረሻ ፍርድ የሚሰጥ ሰው አይደለም፤ ፍርዱን ጨርሶ ነው ብዕሩን ያነሣው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ፖለሚክ ለባላጋራው የተጻፈ ይመስላል፤ «እንዲህ ብለሃል፣ ይህን ግን ደብቀሃል» እያለ ይወርዳልና። ነገር ግን በችሎት የቆመ ጠበቃ ፊቱን ወደ ተቃራኒው ወገን አዙሮ ሲናገር ማሳመን የሚፈልገው ዳኛውን እንደሆነ ሁሉ፣ ፖለሚሲስትም የሚጽፈው ዳር ቆሞ ለሚያነበው ሦስተኛ ሰው ነው። ባላጋራው «ተረታሁ» ይለኛል ብሎ የሚጽፍ የለም ማለት ይቻላል። የፖለሚክን ጠባይ፣ ማለትም ቁጣውን፣ ቀልዱን፣ ማጋነኑንና ጥቅስ መረጣውን የሚገልጠው ይኸው ነው።

ከክርክር፣ ከሒስና ከስድብ በምን ይለያል?

ክርክር ሥርዓት አለው። ተራ ይጠበቃል፣ ሁለቱም ወገኖች እኩል ይደመጣሉ፣ አንዳንዴም መሪ ይኖረዋል። ፖለሚክ ውስጥ የሚናገረው አንዱ ነው፤ የሌላው ድምፅ የሚሰማው በተጠቀሰለት ልክ ብቻ ነው። ሒስ የሥራውን ብርታትና ድካም ይመዝናል፤ ሐያሲው የወደደውን ሥራም ይነቅፋል፣ የነቀፈውንም ያመሰግናል። ፖለሚሲስት ለባላጋራው ምስጋና ሲሰጥ ብዙ ጊዜ ቀጥሎ የሚመጣውን ዱላ ለማክበድ ነው።

ስድብ ከፖለሚክ ጋር ብዙ ጊዜ አብሮ ይታያል፤ አንድ ግን አይደሉም። ስድብ ማስረጃ አይጠይቅም። ፖለሚክ ምንም ያህል ቢመር «ለምን?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይዞ መቅረብ አለበት፤ መልሱ ከተወሰደበት የሚቀረው ጩኸት ብቻ ነው። ፕሮፓጋንዳ ደግሞ የተቃራኒውን ሐሳብ እንዳይሰማ ማፈንን ይመርጣል፤ ፖለሚክ ግን ለማፍረስም ቢሆን ያንን ሐሳብ በአንባቢው ፊት ማቆም ግድ ይሆንበታል።

ዕቅበተ እምነት የሚባለው የቅርብ ዘመዱ ነው። ልዩነታቸው የአቅጣጫ ነው፦ ዕቅበተ እምነት የራስን ቤት ይጠብቃል፣ ፖለሚክ የሌላውን ቤት ያጠቃል። በተግባር አንዱ መጽሐፍ ሁለቱንም ሲሠራ መገኘቱ የተለመደ ነው። ተቃራኒው አይሬኒክ ይባላል፤ ሰላም ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ሲሆን የተለያዩ ወገኖችን ለማቀራረብ ሲባል የሚጻፈውን ያመለክታል።

ቃሉ ከየት መጣ?

የጥንት ግሪኮች ጦርነትን «ፖሌሞስ» ይሉት ነበር። ከእርሱ የወጣው «ፖሌሚኮስ» የሚለው ቅጽል «የጦርነት የሆነ»፣ «ለውጊያ የሚበቃ»፣ «ጠበኛ» የሚሉ ትርጉሞች ነበሩት። በአቴና የጦር ጉዳይ ሹሙ «ፖሌማርኮስ» ይባል ነበር፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ490 አቴናውያን ፋርሶችን በማራቶን ሲገጥሙ በዚህ ማዕረግ ላይ የነበረው ካሊማኮስ እዚያው ወድቆ ቀርቷል። ፈላስፋው ሄራክሊጦስ ጦርነትን የሁሉ አባትና የሁሉ ንጉሥ ብሎ ሲጠራው የተጠቀመውም በዚሁ ቃል ነው። እንግዲህ ቃሉ መጀመሪያ የሰይፍና የጋሻ ቃል ነበር። ለአንደበት ጠብ ግሪኮች ሌላ ስም ነበራቸው፤ «ኤሪስ» ይሉታል፤ እውነቱን ለማግኘት ሳይሆን ለመርታት ብቻ የሚደረገው ሙግት «ኤሪስቲክ» የተባለው ከዚያ ነው።

ፕላቶን ስለ መንግሥት በጻፈው ታላቅ ሥራው አምስተኛ ክፍል ላይ ለጉዳያችን የሚጠቅም ልዩነት አበጅቷል። ግሪኮች ከባዕድ ጋር ሲዋጉ «ፖሌሞስ» ነው፤ ግሪክ ከግሪክ ሲጣላ ግን «ስታሲስ» ይባላል፤ የአንድ ቤት ሰዎች መከፋፈል ማለት ነው። በሁለተኛው ጠብ ማሳ አይጠፋም፣ ቤት አይቃጠልም ይላል፤ ተጣልተው የማይቀሩ፣ አንድ ቀን የሚታረቁ ሰዎች ናቸውና። ይህን ልዩነት ልብ ማለት ያስፈልጋል። የኋላው ዘመን ለብዕር ጠብ የወሰደው ቃል የባዕዱን ጦርነት ስም ነው፤ የተጠቀመበት ግን ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በአንድ ቤት ሰዎች መካከል ለተነሣ ጠብ ነው።

ቃሉ ከግሪክኛ ወደ ላቲን፣ ከዚያም ወደ ፈረንሳይኛ ገባ። በፈረንሳይኛ «ፖሌሚክ» ለሃይማኖትና ለሐሳብ ሙግት የዋለው በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እንግሊዝኛ በ1630ዎቹ ከፈረንሳይኛ ተቀበለው፤ ብዙም ሳይቆይ ሙግቱን ብቻ ሳይሆን ሞጋቹንም በዚያው ስም መጥራት ተለመደ። ጀርመንኛና ሩሲያኛም የየራሳቸውን ቅርጽ አበጁለት። ዛሬ በአማርኛ «ፖለሚክ» የምንለው ከዚሁ መንገድ የመጣ ነው።

ከቃሉ በፊት ድርጊቱ አልነበረም?

ነበረ እንጂ። የአቴናው ተናጋሪ ዴሞስቴንስ በመቄዶንያው ንጉሥ በፊልጶስ ላይ ያደረጋቸው ንግግሮች እጅግ ከመታወቃቸው የተነሣ፣ ከ3 መቶ ዓመት በኋላ ሮማዊው ተናጋሪ ኪኬሮ የጦር መሪውን ማርክ አንቶኒን ሲያወግዝ ለንግግሮቹ «ፊሊጲካዎች» የሚል ስም ተዋሰ። ንግግሮቹ 14 ናቸው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 እና በ43 የተዘጋጁ። ከመካከላቸው በጣም የሚጠቀሰው ሁለተኛው ጨርሶ በአደባባይ አልተነገረም። ኪኬሮ በምክር ቤት ቆሞ እንደተናገረው አድርጎ ጻፈው፤ የተሰራጨው ግን በንባብ ነው። ባላጋራው ፊት ለፊት አልነበረም፤ አድማጭ የተባለው ሁሉ አንባቢ ነበር። ዋጋውን ግን ኪኬሮ ከፍሏል፦ በ43 ታኅሣሥ ወር የአንቶኒ ሰዎች ገደሉት፤ ጭንቅላቱና የጻፈበት እጁ እርሱ ራሱ ሲናገርበት በኖረው የሮም መድረክ ላይ ተሰቀሉ።

ሌላው ጉልህ ምሳሌ የጥንቱ ክርስቲያን ሊቅ ኦሪጎን ነው። ኬልሶስ የተባለ ፈላስፋ በሁለተኛው ክፍለ ዘመን ክርስትናን የሚያወግዝ መጽሐፍ ጽፎ ነበር። ኦሪጎን መልሱን የጻፈው በ248 ገደማ ነው፤ ኬልሶስ በሕይወት ሊኖር የማይችልበት ጊዜ። ሙት ማንን ይሰማል? መልሱ የተጻፈው መጽሐፉን አንብበው ሊናወጡ ለሚችሉ ሰዎች ነበር። ኦሪጎን የኬልሶስን ቃል እያነሣ ተራ በተራ ሲመልስ ስምንት መጻሕፍት ሞላ። የኬልሶስ መጽሐፍ ኋላ ጠፋ፤ ዛሬ ምን እንዳለ የምናውቀው ሊያፈርሰው የተነሣው ሰው ስለጠቀሰው ብቻ ነው። በፖለሚክ ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለው ምፀት ብርቅ አይደለም። የጥንት መናፍቃን የተባሉ ብዙዎች ድምፃቸው የሚሰማው በከሳሾቻቸው ብራና ላይ ነው፤ ከሳሹ በትክክል ስለመጥቀሱ ደግሞ ሁልጊዜ እርግጠኛ መሆን አይቻልም።

በእስልምናው ዓለምም እንደዚሁ ነው። የሃይማኖት ሊቁ አል-ጋዛሊ በ11ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ ፈላስፎችን የሚነቅፍ መጽሐፍ ጻፈ፤ ርእሱ «የፈላስፎች መፍረስ» የሚል ትርጉም አለው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ፈላስፋው ኢብን ሩሽድ የእርሱን ቃል እየጠቀሰ መልስ ሰጠ፤ መልሱን «የመፍረሱ መፍረስ» አለው። የባላጋራን ርእስ ገልብጦ መመለስ ከዚያ ወዲህም የተወደደ ስልት ሆኖ ኖሯል።

ታዲያ አውሮፓ ቃሉን በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን ለምን ፈለገችው?

መልሱ ሁለት ነገሮች መገናኘታቸው ነው፦ የሃይማኖት መከፈልና የማተሚያ መሣሪያ። ማርቲን ሉተር 95ቱን አንቀጾች በ1517 ሲያወጣ በላቲን የተጻፉ፣ ለሊቃውንት ጉባኤ የታሰቡ ነበሩ። ማተሚያ ቤቶች ግን አባዝተው በተኗቸው፣ ተተረጎሙም። ከዚያ በኋላ በጀርመንኛ የተጻፉ አጫጭርና ርካሽ በራሪ መጻሕፍት በብዛት ይወጡ ጀመር። ቀድሞ በሊቃውንት መካከል በላቲን ይካሄድ የነበረ ሙግት ነጋዴውና የእጅ ባለሙያው የሚያነቡት፣ ማንበብ የማይችለውም ሲነበብለት የሚሰማው ሆነ። ዳር ቆሞ የሚያየው ሦስተኛው ወገን በአንድ ጊዜ በእጅጉ በዛ።

ሁሉም ፖለሚክ ታዲያ ጩኸት ብቻ አልነበረም። የሆላንዱ ሊቅ ኤራስመስ በ1524 የሰው ፈቃድ ነጻ ነው ብሎ በትሕትና በተጻፈ መጽሐፍ ሉተርን ሞገተ። ሉተር በ1525 የመለሰለት መጽሐፍ ከባድና አንዳንዴም ጸያፍ ነው፤ ነገር ግን መዝጊያው ላይ ያልተጠበቀ ምስጋና አለ። ሌሎቹ ስለ ጳጳሱ ሥልጣንና ስለ መሰል ጥቃቅን ጉዳዮች ሲያደክሙኝ አንተ ብቻ ዋናውን ነገር አገኘህ፣ ጉሮሮዬን ያዝህ ይለዋል። ጥሩ ባላጋራ ያገኘ ሰው ደስታ ነው።

ነገሩ ቀስ በቀስ የትምህርት ዓይነት ሆነ። የካቶሊክ ሊቅ የነበረው ሮቤርቶ ቤላርሚኖ ከ1576 ጀምሮ ኢየሱሳውያን የተባለው የካቶሊክ ማኅበር በሮም በነበረው ኮሌጅ ስለ አከራካሪ የሃይማኖት ጉዳዮች አስተማረ፤ ትምህርቱም በትላልቅ ጥራዞች ታተመ። በፕሮቴስታንት ዩኒቨርሲቲዎች «ቴዎሎጊያ ፖሌሚካ» የሚባል የትምህርት ዘርፍ ተቋቋመ፤ ተማሪው የሌሎችን ትምህርት እያነሣ እንዴት እንደሚመልስ ይማርበት ነበር። በአሜሪካ የፕሪንስተን የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት በ1812 ሲከፈት የመጀመሪያው ፕሮፌሰር የማዕረግ ስም ውስጥ «ፖለሚክ» የሚለው ቃል ነበረበት። ያን ጊዜ ቃሉ ነቀፌታ አልነበረም፤ በሙያ ስም ውስጥ የሚገባ፣ የተከበረ ነገር ነበር። ዛሬ አንድ ምሁር «የፖለሚክ ፕሮፌሰር» ቢባል ክስ የቀረበበት ይመስለዋል።

አንድ ፖለሚክ ከቅርብ ሲታይ ምን ይመስላል?

ከብዙዎቹ አንዱን ልምረጥ ብል ሌሲንግ ከጌትሰ ጋር ያደረገውን እመርጣለሁ፤ የዘርፉ ጠባይ ሁሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ተሰብስቦ ይታይበታልና።

ጀርመናዊው ደራሲ ጎትሆልድ ኤፍራይም ሌሲንግ ከ1770 ጀምሮ የብራውንሽቫይግ መስፍን በቮልፈንቡተል ያለው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበር። ከቤተ መጻሕፍቱ ስብስብ የሚያሳትማቸው ጽሑፎች ከሳንሱር ነጻ እንዲሆኑ ተፈቅዶለታል። በዚህ ፈቃድ ተጠቅሞ ከ1774 ጀምሮ «ስሙ ያልታወቀ ሰው ጽሑፎች» እያለ ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች ጠንካራ ጥርጣሬ የሚያነሡ ክፍልፋዮችን አወጣ። ደራሲው በ1768 የሞተው የሐምቡርግ መምህር ራይማሩስ ነበር፤ ሌሲንግ ያውቃል፣ ግን አልተናገረም። ከጽሑፎቹ ጋር የራሱን ተቃውሞም ጨምሮ ነበር፦ ፊደሉ ቢነቀፍ መንፈሱ አይነቀፍም የሚል።

የሐምቡርጉ ዋና ሰባኪ ዮሐን ሜልኪዮር ጌትሰ ተቆጣ። ከክሶቹ አንዱ በተለይ ልብ ሊባል የሚገባው ነው፦ እንዲህ ያለ ነገር መውጣት ካለበት ሊቃውንት ብቻ በሚያነቡት በላቲን ይውጣ እንጂ በጀርመንኛ ለሕዝብ መቅረብ አልነበረበትም አለ። ጌትሰን ከጥያቄው ይልቅ ያሳሰበው ጥያቄውን የሚሰማው ሰው ብዛት ነበር። ለእኔ የፖለሚክ ምሥጢር ከዚህ ክስ በላይ ግልጽ ሆኖ የወጣበት ቦታ የለም፤ ሁለቱም ሰዎች የሚጣሉት አንባቢው ማን ይሁን በሚለው ላይ ነበርና።

ሌሲንግ በ1778 «ጸረ-ጌትሰ» የሚል ርእስ የሰጣቸውን 11 አጫጭር ጽሑፎች በተከታታይ አወጣ። አጻጻፉ ከሊቃውንት ጽሑፍ ይልቅ ተውኔት ይመስላል። ባላጋራውን ያናግረዋል፣ ቃሉን ይነጥቀዋል፣ ያልመለሰውን ጥያቄ ደግሞ ይጠይቀዋል፣ ድንገት ወደ ምሳሌ ይዞራል። ጌትሰ በትምህርት የሚናቅ ሰው አልነበረም፤ ዛሬ ግን ብዙ ሰው የሚያውቀው ሌሲንግ በሣለው መልክ ብቻ ነው። ይህ የፖለሚክ ግፍ ነው፤ ጎበዝ ጸሐፊ የባላጋራውን ሥዕል ለዘመናት ትቶ ይሄዳል፣ የሥዕሉን ልክ የሚጠይቅ ብዙ አይገኝም።

በ1778 ሐምሌ ወር መስፍኑ የሳንሱር ነጻነቱን ወሰደበት፤ በሃይማኖት ጉዳይ ያለ ፈቃድ እንዳያሳትም ታዘዘ። ሌሲንግ ለአንዲት ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ በቀድሞው መስበኪያው፣ በቴአትር መድረክ፣ ሳይረበሽ እንዲሰብክ ይፈቅዱለት እንደሆነ ሊሞክር ማሰቡን ነገራት። በ1779 የወጣው «ናታን ጠቢቡ» የተሰኘው ተውኔት የዚያ ሙከራ ፍሬ ነው። የሦስት ሃይማኖቶችን ተከታዮች በአንድ ቤተሰብ የሚያስተሳስረው ይህ የእርቅ ተውኔት የተወለደው ከመራር ጠብ ነው ማለት ነው።

ለምን በቅርብ ሰዎች መካከል ይበረታል?

ወደ ፕላቶን ልዩነት እንመለስ። ፈረንሳዊው ሊቅ ብሌዝ ፓስካል በ1656 እና በ1657 በብዕር ስም ባወጣቸው 18 ደብዳቤዎች ኢየሱሳውያንን ሲወርፍ ሁለቱም ወገኖች ካቶሊኮች ነበሩ። ካርል ማርክስ በ1847 ፈረንሳዊውን ጸሐፊ ፕሩዶንን የሞገተበትን መጽሐፍ ሲጽፍ ሁለቱም ሶሻሊስቶች ነበሩ፤ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ፓሪስ ውስጥ ተገናኝተው ብዙ ተወያይተዋል። ፕሩዶን መጽሐፉን «የድህነት ፍልስፍና» ብሎት ስለነበር ማርክስ የራሱን «የፍልስፍና ድህነት» አለው። የግራ ፖለቲካ ጽሑፍ ከዚያ ወዲህ ሞቅ የሚለው ከባለ ሀብቱ ጋር ሲከራከር ሳይሆን ከጓድ ጋር ሲጣላ ነው።

ምክንያቱ ለመረዳት አያስቸግርም። ከሩቅ ሰው ጋር የሚያጣላ የጋራ መጽሐፍ የለም። ከቅርብ ሰው ጋር ግን የሚጠቀሰው ምንጭ አንድ ነው፣ የሚፈለገው ተከታይም አንድ ነው፤ ሁለቱም «እውነተኛው ወራሽ እኔ ነኝ» ይላሉ። ከሩቁ ሰው የሚመጣው ተቃውሞ ይጠበቃል፤ የቅርቡ ሰው ልዩነት ግን ክህደት ሆኖ ይታያል።

በ1960ዎቹ በሶቪየት ኅብረትና በቻይና ኮሚኒስት ፓርቲዎች መካከል የተነሣው ውዝግብ «ፖለሚክ» በሚለው በዚሁ ስም ይታወቃል። መጀመሪያ ላይ ስም መጥራት ተፈርቶ ነበር። ቻይናዎች ዩጎዝላቭያን ሲያወግዙ የታሰበችው ሞስኮ ነበረች፤ ሶቪየቶች አልባኒያን ሲነቅፉ የታሰበችው ቤጂንግ ነበረች። ሽፋኑ የወደቀው በ1963 ነው፤ በሰኔ የቻይናው ፓርቲ ረጅም ደብዳቤ ወጣ፣ በሐምሌ ሶቪየቶች በግልጽ ደብዳቤ መለሱ፣ ከዚያ ቻይናዎች ዘጠኝ ተከታታይ ትችቶችን አከሉ። ቤጂንግ እነዚህን በ1965 በአንድ ጥራዝ ስታሳትም ርእሱ ላይ ያዋለችው ቃል «ፖለሚክ» የሚለው ነው። የዚያን ዘመን የግራ ወጣቶች በየአገሩ ቃሉን ከለመዱባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው።

መጥፎ ስም ያገኘው እንዴት ነው?

በአንድ ቀን አልሆነም። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት በ1781 በታተመው «የንጹሕ አእምሮ ሒስ» በተባለው ታላቅ መጽሐፉ ውስጥ ስለ ፖለሚክ ራሱን የቻለ ክፍል አለው። እንደ እርሱ አነጋገር፣ ማወቅ ከሚቻለው ነገር በላይ ስላሉ ጉዳዮች የሚሟገቱ ሰዎች አየር ይመታሉ፣ ከጥላቸው ጋር ይታገላሉ። ሊቃውንት ሥራቸውን ወገን ያልለየ ምርመራ አድርገው ማየት በጀመሩ መጠን ወገን ለይቶ መጻፍ ጥርጣሬ አሳደረ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የዩኒቨርሲቲ ጥናት እየጠነከረ ሲመጣ «ፖለሚክ» የሚለው ቃል «ሳይንሳዊ ያልሆነ» ወደሚለው ትርጉም ተጠጋ። ያም ሆኖ ፈላስፋው ኒቼ በ1887 ስለ ሥነ ምግባር ምንጭ የጻፈውን መጽሐፍ በንዑስ ርእሱ «የሙግት ጽሑፍ» ሲል ራሱ ሰይሞታል፤ ደራሲው ኤሚል ዞላም በጥር 13 ቀን 1898 «እከሳለሁ!» በሚል ርእስ ለፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ግልጽ ደብዳቤ ሲጽፍ በአገር ክህደት በሐሰት የተፈረደበትን የጦር መኮንን የድሬፉስን ጉዳይ እንደገና አደባባይ ያወጣው ስም እየጠራ በመክሰስ ነበር። ሰው ፍትሕ ሲነፈግ ገለልተኛ አጻጻፍ ምን ያህል ይረዳዋል የሚለው ጥያቄ ከዚያ ወዲህ አልተዘጋም።

ከነቀፌታዎቹ ሁሉ ጠንካራውን የሰነዘረው ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሚሼል ፉኮ ይመስለኛል። በ1984 ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ በሰጠው ቃለ ምልልስ ለምን ፖለሚክ ውስጥ እንደማይገባ ተጠየቀ። በውይይት ውስጥ የጠያቂውም የመላሹም መብት ከውይይቱ ይመነጫል አለ፤ ፖለሚሲስት ግን አስቀድሞ መብት ታጥቆ ይመጣል፤ ፊት ለፊቱ ያለው ሰው እውነትን አብሮ የሚፈልግ ባልንጀራ ሳይሆን መኖሩ ራሱ ስጋት የሆነ ጠላት ነው። ለመሆኑ ከፖለሚክ ውስጥ አዲስ ሐሳብ ሲወጣ ያየ ሰው አለን? ሲልም ጠየቀ። የመጀመሪያው ነጥብ ይመታል። በሁለተኛው ግን አጋንኗል፤ ኢብን ሩሽድም፣ ሌሲንግም፣ ማርክስም ከጠብ ውስጥ ሐሳብ አውጥተዋል።

ሲያጋጥመን እንዴት እናንብበው?

መጀመሪያ የሚታየው ጥቅሱ ነው። ጸሐፊው የባላጋራውን ቃል ባለቤቱ «አዎ፣ ብያለሁ» ሊል በሚችልበት መልክ አቅርቦታል ወይስ ለመምታት እንዲመች አሳንሶታል? ኦሪጎንና ኢብን ሩሽድ ዛሬም የሚነበቡት በከፊል ጥቅሱን ሰፋ አድርገው ስለሚሰጡ ነው። ከረጅም ጽሑፍ አንድ ዓረፍተ ነገር ቆርጦ ምስሉን ማሰራጨት በማኅበራዊ መገናኛ በቀለለበት ጊዜ ይህ ፈተና ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ከተቆረጠው በፊትና በኋላ ያለውን አንቀጽ መፈለግ ብዙ ጊዜ ከግማሽ በላይ ያለውን ቁጣ ያበርዳል።

ቀጥሎ ዱላው የት እንዳረፈ ይታያል። የሐሳቡን ስንጥቅ የሚያሳይ ፖለሚክ አለ፤ የሰውየውን ትውልድ፣ መልክና ወዳጆች የሚቆጥርም አለ። ሁለተኛው ሐሳቡን አልነካውም፤ ሰውየው ነገ ቢሞት ሐሳቡ እንዳለ ይቀመጣል። ቅጽሎቹን ሁሉ አውጥቶ ማንበብም ይረዳል። «አሳፋሪ»፣ «ድንቁርና የተሞላበት»፣ «ክህደት» የሚሉት ሲወጡ ምክንያት ከቀረ ጽሑፉ ቆሟል፤ ምንም ካልቀረ ግን አንባቢው ሲገፋ የነበረው በቃላቱ ኃይል ብቻ ነው።

በሌላ በኩል «ፖለሚክ ነው» ብሎ ማለፍ መልስ አይሆንም። ስሙ የሚነግረን ስለ አጻጻፉ ጠባይ እንጂ ጽሑፉ ስለያዘው ነገር እውነትነት አይደለም። የዞላ ደብዳቤ ፖለሚክ ነበር፤ ድሬፉስም ንጹሕ ሰው ነበር። ቃሉን ጋሻ አድርጎ ከጥያቄ የሚሸሽ ሰው ቢያጋጥም መጠየቅ ያለበት የትኛው ነጥብ ስሕተት እንደሆነ ነው።

የፈረንሳይኛ ዜና ሲተረጎም ለምን ግራ ያጋባል?

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ በተለይ ዜና ለሚተረጉሙ። በዛሬው የፈረንሳይ ጋዜጦች «ፖሌሚክ» የሚለው ቃል በየዕለቱ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ ግን ከላይ የተነጋገርንበትን የጽሑፍ ዓይነት አያመለክትም። የአንድ ባለሥልጣን ንግግር፣ የአንድ ማስታወቂያ ሥዕል ወይም የአንድ ዳኛ ፊሽካ በሕዝብ መካከል ያስነሣው ጭቅጭቅ ሁሉ በዚያ ስም ይጠራል። እንደዚያ ሲሆን በአማርኛ «ውዝግብ» ወይም «አተካራ» ማለት ይበቃል። በእንግሊዝኛ ግን ቃሉ ዛሬም በዋናነት የሚያመለክተው አንድ ወገን የጻፈውን የሙግት ጽሑፍ ነው፤ በአማርኛ «የሙግት ጽሑፍ» ቢባል ይቀርበዋል፣ አንባቢው ከለመደው «ፖለሚክ» ብሎ መተውም ያስኬዳል። «ሚኒስትሩ ፖለሚክ ቀሰቀሱ» የሚል ዜና ከፈረንሳይኛ ሲመጣ ሚኒስትሩ ምንም ነገር ላይጽፉ ይችላሉ፤ «ሚኒስትሩ ፖለሚክ ጻፉ» ከተባለ ግን ቢያንስ አንድ ባላጋራ አለ፣ ጽሑፉም ተፈልጎ ሊነበብ ይችላል።